ኮምፒዩተሩን ማን ሰካው?

የቤት ዕቃ እንዴት እንደሚሞት እስካሁን ደህና አድርጎ የጻፈ ሰው አለመኖሩ ይገርመኛል። ስለ ሰው ሞት ያልተባለ ነገር የለም፤ ስለ ዕቃ ሞት ግን ሁሉም ዝም። እንስራ በአንድ ጊዜ ጮኾ ነው የሚሞተው። በርጩማ አስቀድሞ ያነክሳል፤ ባለቤቱም እያየው "ነገ አሠራዋለሁ" እያለ ሲያሳድር አንድ ቀን ከበድ ያለ እንግዳ ይዞ ይወድቃል። ሬዲዮ ሲያረጅ ማንኮራፋት ይጀምራል፤ ጥፊ ሲቀምስ ይነቃል፣ ትንሽ ዜና ይናገራል፣ እንደገና ያንኮራፋል፤ መሞቻውን ቤተሰቡ ሁሉ ከወራት በፊት ያውቀዋል። ጤነኛ ሆኖ ውሎ፣ መልኩ ሳይለወጥ፣ አንድ ጭረት ሳያርፍበት፣ በተቀመጠበት ጠረጴዛ ላይ ሬሳ ሆኖ የሚገኘው ኮምፒዩተር ብቻ ነው። ቢጫኑት ዝም፣ ቢደባብሱት ዝም። የሚናገረው ሽታው ነው።

ሽታውን ታውቁት እንደሆነ አላውቅም። ካላወቃችሁት አይድረስባችሁ።

የምኖረው ላሊበላ ነው። ክረምት በገባ ቁጥር ጧት ጧት ፀሐይ ታታልለንና ከቀትር በኋላ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ የተጠራቀመው ደመና ቁልቁል ይወርድብናል። መብረቅ እዚህ የሩቅ ወሬ አይደለም፤ የእገሌን ቴሌቪዥን፣ የእገሊትን ፍሪጅ እያልን ከነዓመቱ የምንቆጥርለት የሰፈር ታሪክ አለው። እኔ ደግሞ ሠላሳ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬአለሁ። መብረቅ ከየት እንደሚነሣና የት እንደሚያርፍ በጠመኔ እየሣልሁ ያሳየኋቸው ተማሪዎች ዛሬ የልጆች እናትና አባት ሆነዋል። መምህራቸው ግን ጡረታ ከወጣ ወዲህ፣ ሰማዩ ትንሽ ቅንድቡን በቋጠረ ቁጥር እየሮጠ ገመድ የሚነቅል ሰው ሆኖላቸዋል። ሰፈሩ "ነቅሌ" የሚል ስም አውጥቶልኛል። ፊት ለፊቴ "መምህር" ነው የሚሉኝ፤ ዞር ስል ነቅሌ ነኝ። አልተቀየምሁም። የማይነቅለው ሁሉ ተራውን ሲያለቅስ አይቻለሁና።

የምነቅለው ለኮምፒዩተሩ ብዬ አልነበረም። ኮምፒዩተሩ ደሴ ከተማ ያለችው ልጄ የምትሠራበት መሥሪያ ቤት አሮጌ ዕቃ ሲሸጥ ገዝታ የላከችልኝ፣ ሲነሣ እንደ ወፍጮ የሚጮኽ ሳጥን ነው። የምሳሳለት በሆዱ ለያዘው ነገር ነበር። በሆዱ የያዘው የመሪጌታ ሐረገ ወይንን ቅኔ ነው።

መሪጌታ የእኔ የነፍስ ሽማግሌ ናቸው ብል ይቀለኛል። ሰማንያን ያለፉ፣ ዓይናቸውን ሞራ የጋረደው፣ ከቤቴ በታች ሁለት አጥር ተሻግሮ የሚኖሩ ሊቅ ናቸው። በወጣትነታቸው ዋድላ ወርደው፣ ከኮን አለፍ ብሎ ካለ ጉባኤ ቤት ቅኔ ሲማሩ፣ አስተማሪያቸው የዘረፏቸውን ቅኔዎች አንድ በአንድ በቃላቸው ይዘው ቀሩ። አስተማሪያቸው ስማቸው እንዲጠራ የማይወዱ መናኝ ቢጤ ነበሩ፤ አንድም መስመር በብራና አላሰፈሩም። ሌሎቹ ደቀ መዛሙርት እየተራ አረፉ። በመጨረሻ ያ ሁሉ ቅኔ በምድር ላይ የቀረው በአንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ሆነ። ይህን ያወቅሁ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

"የኔታ፣ ይንገሩኝና ልጻፍልዎት" አልኋቸው።

"በምን ላይ ትጽፈዋለህ?" አሉኝ።

እዚህ ላይ ጥጋቤን ልናዘዝ። ወረቀት ማለት ይቻል ነበር። እኔ ግን ወረቀት አይጥ ይበላዋል፣ ዝናብ ያርሰዋል፣ ኮምፒዩተር ውስጥ የገባ ግን ለዘላለም አይጠፋም ብዬ ሰበክኋቸው። መሪጌታም አመኑኝ። ሦስት ክረምት ሙሉ ጧት ጧት እጃቸውን ይዤ ወደ ቤቴ አመጣቸዋለሁ፤ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ያወርዱልኛል፤ እኔ በሁለት ጣት እለቅማለሁ። ነጎድጓድ ከተሰማ ያቆማሉ፣ እኔም እነቅላለሁ። ሁለት መቶ አርባ ቅኔ ሞላን። መጨረሻውን የጻፍን ዕለት መሪጌታ ረጅም ትንፋሽ ተንፍሰው "እንግዲህ አደራውን አስረከብሁ" አሉ፤ ሲሄዱም እግራቸው የቀለላቸው መሰለኝ።

ፍላሽ ላይ አልገለበጥኸውም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ገልብጬ ነበር። ከዚያ የሰፈር ሠርግ መጣና ለቪዲዮ ፍላሽ ጠፋ ተባለ፣ አዋስሁ። ሲመለስልኝ ከዳር እስከ ዳር እስክስታ ሆኖ ነው የመጣው፤ ቅኔው ተጠርጎ ወጥቷል። እንደገና እገለብጣለሁ እያልሁ ዛሬ ነገ ስል ከረምሁ። በርጩማው አስቀድሞ ያነክሳል ያልኋችሁ እኔው ነኝ።

አሁን ስለ ሰፈራችን አንድ ሕግ ልንገራችሁ። መብራት ለረጅም ጊዜ ተለይቶን የኖረበት ዘመን ነበር። ምክንያቱን ሁላችንም ስለምናውቀው ዛሬ አላነሣውም። በኋላ መብራት ሲመለስ እንደ ሩቅ አገር ዘመድ ብቅ እያለ ሁለት ሰዓት ቆይቶ ይሄድ ጀመር። ያን ጊዜ ማንም ሳይሰበሰብ፣ ማንም ቃለ ጉባኤ ሳይዝ፣ አንድ ሕግ ጸደቀ። መብራት ሲመጣ ቤት ያለ ሰው "መጣ!" ብሎ ይጮኻል፤ ከዚያ ቤት የሌሉትን ጎረቤቶቹን ዕቃ እየዞረ ይሰካል። ስልኩን፣ የእጅ ባትሪውን፣ ያለውን ሁሉ። የማን ቁልፍ የት እንደሚቀመጥ ሁሉም ያውቃል። የኔ የበሩ ጉበን ላይ ነው።

የኔን ቤት የሚሰኩልኝ እትየ አጀቡሽ ናቸው። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ብቻዬን ስለሆንሁ፣ በራቸውም ከበሬ ዐሥር እርምጃ ስለማይርቅ፣ ቤቴ ግማሹ በሳቸው እጅ ነው። ውለታቸውን ልቁጠር ብል አይዘለቅም፤ አንዷን ብቻ ልንገራችሁ። ኔትወርክ ከመብራት ቀድሞ በተመለሰ ሰሞን ልጄ ደሴ ላይ ልትወልድ ተቃርባ ነበር። እትየ አጀቡሽ በየቀኑ ጄነሬተር ያለበት ድረስ ዳገቱን ወጥተው፣ ተሰልፈው፣ የራሳቸውን ስልክ ሳይሆን የኔን ሞልተው ያመጡልኝ ነበር። የልጅ ልጄን የመጀመሪያ ልቅሶ የሰማሁት በሳቸው እግር ነው ማለት ይቻላል።

እንዲህ ያለችን ሴት "ሁሉንም ይሰኩ፣ ይችን ግን አይንኩብኝ" እንዴት ይሏታል? ልናገር ብዬ ሁለት ሦስት ጊዜ አፌን ከፍቼ መልሼ ዘግቻለሁ። አይንኩ ማለት አላምንዎትም ማለት ይመስላል። ሰው ከጎረቤቱ ጋር የሚጣላው በዚህ ዓይነት ቃል ነው። ደግሞ ኮምፒዩተር ምን እንደሆነ የማያውቁ አይመስሉኝም ነበር፤ እኔ ስነቅል በየቀኑ ያዩኛል። ተውሁት። ይሉኝታ ስንት ነገር እንዳቃጠለ የሚቆጥር ሰው ቢኖር መብረቅን እንምረው ነበር።

ፍልሰታ ላይ ነው። መብራት ከሄደ ሦስተኛ ቀኑ። እኔ ሁሉን ነቅዬ፣ ኮምፒዩተሩን ነጠላ አልብሼ፣ ለቅዳሴ ሄድሁ። ቅዳሴው እየገፋ ሳለ የውጭው ድምፅ ማጉያ በድንገት ነፍስ ዘራ፤ መብራት መጣ ማለት ነው። ፀሐይዋ ገና ደማቅ ነበረች። ሰዓት ያህል ቆይቶ ግን ጨለመ። ዐለቱ ውስጥ ሆናችሁ ስትሰሙት ነጎድጓድ ከሰማይ አይመጣም፤ ግድግዳው ራሱ ነው የሚያጉረመርመው። ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሰው ሁሉ አንገቱን የሰበረበት ድምፅ ተሰማ። ማጉያው ጠጭ ብሎ ዝም አለ። አጠገቤ የቆመው ሰውዬ "ወየው ቴሌቪዥኔ!" ብሎ በቅዳሴ መሐል ተነፈሰ።

እኔስ? እኔማ ፈገግ አልሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ በፍልሰታ፣ በቅዳሴ፣ የሰው ቴሌቪዥን ሲቃጠል፣ "የኔ ተነቅሏል" ብዬ በልቤ ኮራሁ።

ቤቴን ስከፍት ሽታው ተቀበለኝ።

ኮምፒዩተሩ ነጠላው ተገልጦለት፣ ነጠላው በሥርዓት ተጣጥፎ ወንበር ላይ ተቀምጦለት፣ ገመዱ ከዲቫይደሩ ጋር ተሰክቶ ነበር። ከጎኑ ስልኬ፣ ከስልኬ ጎን የእጅ ባትሪዬ፣ ከባትሪው ጎን ሬዲዮዬ፣ ሁሉም በተርታ ተሰክተዋል። የግድግዳው ሶኬት ዙሪያውን ጠቁሯል። ነቀልሁት። ልማድ ነው። ለማን እንደምነቅልለት ግን አላውቅም።

በዚያው ቅጽበት እትየ አጀቡሽ ከአጥሩ ማዶ ድምፃቸው መጣ። "መምህር፣ ደህና ገቡ? ሰካሁልዎ እኮ! ሁሉንም ነው የሰካሁልዎ፤ ያንን ትልቁንም አልተውሁት! የኔዋ አምፖል እንኳ ፈንድታለች፤ እንኳን እኛ ተረፍን!"

በሩ ላይ ቆሜ ድምፄን አስተካከልሁ። "እግዜር ይስጥልኝ እትየ" አልሁ። በሩን ዘጋሁና አለቀስሁ። የጡረታ ሰው ብቻውን ሲያለቅስ ቤቱ በጣም ይሰፋል።

በነጋታው ሲፒዩውን ተሸክሜ ገበያው አጠገብ ወዳለችው ጠጋኝ ወሰድሁት። ልጅቱ ጎበዝ ናት። ፈታታችው፣ አሸተተችው፣ አንዱን ዕቃ በጥፍሯ ነካ አድርጋ "ይሄ ሄዷል" አለች፤ ቀጥላ ሌላውን፤ ቀጥላ ሌላውን። ሃርድ ዲስኩን ከራሷ ኮምፒዩተር ጋር አገናኝታ ጆሮዋን አስጠጋች። እኔም አስጠጋሁ። ምንም። ሌላ ቦታ ይሞክሩልዎ ብላ ጻፈችልኝ፤ ደሴ ላክሁት፤ ከደሴም ይኸው መልስ መጣ። እስኪመጣ ግን አልጠበቅሁም። ለመሪጌታ መንገር ነበረብኝ።

ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው። እግራቸው ሥር ተቀመጥሁ።

"የኔታ፣ ጥፋት አጥፍቻለሁ።"

"ምን አጠፋህ?"

"ቅኔው ሄደ። ትናንት ኮምፒዩተሩን መብረቅ አቃጠለው።"

 መቋሚያቸውን ከላይ እስከ ታች ዳሰሱት።

"ሳትነቅለው ቀርተህ?"

"አዎ፣ ረስቼ ነው።"

መሪጌታ የማያይ ፊታቸውን ወደኔ መለሱ። "አንተ? ጭስ ሲያይ ደመና ነው ብሎ የሚነቅለው ሰውዬ ረሳ?"

መሬቱ ላይ ያለውን ጠጠር መልቀም ጀመርሁ።

"በፍልሰታ ትዋሻለህ" አሉ። ድምፃቸው ላይ ቁጣ አልነበረም። "ለማን ብለህ እንደሆነ አልጠይቅህም። ወረቀት አለህ?"

በዚያው ጀመርን፤ ሀ ብለን። የመጀመሪያዎቹ ሠላሳ ያህሉ እንደ ውሃ ወረዱ። ከዚያ መሪጌታ መሐል ላይ መቆም አመጡ። የአንዱን ጅማሬ ይዘው መጨረሻው ይጠፋባቸዋል፤ የሌላውን ቤት መምቻ አስታውሰው አናቱን ያጡታል። አንድ ቀን መቋሚያቸውን መሬት ላይ ደጋግመው መቱና የሚያስፈራኝን ነገር ተናገሩ።

"ስልሳ ዓመት በየሌሊቱ ሳልደግማቸው አላደርሁም ነበር። አንተ ጻፍኋቸው ካልኸኝ ወዲህ ግን ተውኋቸው። ተቀምጠዋል ብዬ ተኛሁ።"

እንግዲህ ይህን ነገር አስቡት። መብረቁ ኮምፒዩተሩን የመታው በፍልሰታ ነው። እኔ ግን መሪጌታን የመታሁት ገና በመጀመሪያው ክረምት፣ "ለዘላለም አይጠፋም" ያልሁ ዕለት ነበር። በዚህ ላይ ቀልድ ልጨምርበት ብፈልግ አልመጣልህ አለኝ።

ለእትየ አጀቡሽ ኮምፒዩተሩ አርጅቶ ነው፣ ለልጄ መልሼ ላክሁት አልኋቸው። "አዪ፣ ዕቃ መቼም ያረጃል" አሉኝና ወሬው በዚያ አበቃ። በውሸቴ ረካሁ። መሪጌታን ማታለል አቅቶኝ እሳቸውን በመቻሌ ትንሽ ቢጤም ኮራሁ።

ከሳምንት በኋላ እትየ አጀቡሽ አንድ ደብተር ይዘው መጡ። "ከመሪጌታ ጋር ስትጽፉ አያለሁ፤ የልጄ የተረፈ ደብተር ነው፣ ቤት ከሚያጣብብ" አሉ። አመስግኜ ተቀበልሁ። ሲያልቅ ሌላ መጣ። እሱም የልጃቸው የተረፈ ነው። ልጃቸው ትምህርቱን ጨርሶ ወገል ጤና ከተማ አስተማሪ ከሆነ አራት ዓመቱ ነው፤ የተረፈው ደብተር ግን አላልቅ አለ። ሠላሳ አንድ ዓመት ደብተር ሳርም የኖርሁ ሰው፣ አዲስን ደብተር ከሽታው የማውቅ ሰው፣ ላስቲኩ እንኳ ያልተቀደደለትን ደብተር እያገላበጥሁ "የተረፈ" ብዬ ተቀበልሁ። ጂኦግራፊ ማወቅ ሌላ ነው።

ሌላም ነገር ነበር። ከዚያ ወዲህ እኔ ሳልኖር መብራት በመጣ ቀን ሁሉ፣ ስመለስ እትየ አጀቡሽን እቤቴ ውስጥ ዙሪያው የጠቆረው ሶኬት አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው እንዝርት ሲያሾሩ አገኛቸዋለሁ። "ዝናብ አስጠልሎኝ ነው" ይላሉ። በራቸው ዐሥር እርምጃ ነው ብያችኋለሁ። አንዳንድ ቀንማ ዝናብ የሚባል ነገር አልነበረም። እኔም ብቸኝነት ነው ብዬ አዘንሁላቸው፤ ይብላኝ ለኔ።

እኔና መሪጌታ ክረምቱን ጨርሰን በጋውን ያዝን። ነጎድጓድ በተሰማ ቁጥር እሳቸው ያቆማሉ፣ እኔም ብዕሬን አስቀምጣለሁ። ደብተር ከምን እንደሚነቀል እግዜር ይወቀው። ፋሲካ ሲደርስ መቶ ሰባ አንድ ላይ ነበርን። ስልሳ ዘጠኙ የሉም። መሪጌታ ግን ሌሊት ሌሊት መድገም ጀምረዋል፤ አልፎ አልፎ ጧት ስሄድ ፊታቸው በርቶ "አንዷ መጣች" ይሉኛል።

ሚያዝያ ላይ እትየ አጀቡሽ የእህታቸው ልጅ ሠርግ ኖሮባቸው ወደ ኮን ሊሄዱ ሆነ። ሻንጣቸውን በራቸው ላይ አቁመው ቁልፋቸውን ሰጡኝ።

"መምህር፣ መብራት ከመጣ የእጅ ባትሪዬንና ሬዲዮዬን ይሰኩልኝ።"

"በደስታ እትየ።"

"ሰክተው ግን እንዳይሄዱ። አጠገቡ ቁጭ ይበሉ። ደመና ካዩ ይንቀሉት።"

ሳቅ አመለጠኝ። "እኔን ነው መንቀል የሚያስተምሩኝ?"

እሳቸው አልሳቁም። ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ ዓይናቸውን ወደ መንገዱ አደረጉ። "ሰክቶ መሄድ ጥሩ አይደለም። እኔ ያን ቀን ቁጭ ብዬ ብጠብቀው ኖሮ የመሪጌታ ነገር አይቃጠልም ነበር" አሉ፤ እኔ አፌን እስክከፍት ሻንጣቸውን አንሥተው ቁልቁለቱን ወረዱ።

በሦስተኛው ቀን ከቀትር በኋላ "መጣ!" የሚል ጩኸት ሰማሁ። ሮጬ ሄጄ የእትየ አጀቡሽን ቤት ከፈትሁ። ባትሪያቸውን ሰካሁ፣ ሬዲዮአቸውን ሰካሁ፣ በርጩማ ስቤ አጠገቡ ተቀመጥሁ። የሰው ባትሪ ሲሞላ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ምን ያህል ረጅም ሥራ እንደሆነ ያን ቀን አወቅሁ። እሳቸው ይህን ለኔ ስንት ቀን ሠርተውታል።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አቡነ ዮሴፍ ላይ ማጉረምረም ጀመረ። ነቀልሁ። ገመዶቹን ጠቅልዬ መደርደሪያው ላይ ላስቀምጥ ቀና ስል፣ አራት ደብተሮች በተርታ ተቀምጠው አየሁ። ላስቲካቸው አልተቀደደም።

ለስልሳ ዘጠኝ ቅኔ አራት ደብተር ይበቃል። በሩን ቆለፍሁና፣ ዝናቡ ሳይደርስብኝ፣ ዛሬ የመጣች ካለች ልጠይቅ ወደ መሪጌታ ቤት ወረድሁ።